አንድ ሳምንት በስቶክሆልም፦ ቀኑን ለማየት፣ ሌሊቱን ለመጨፈር

ስቶክሆልም ውድ ከተማ ናት፤ ይህን የማይነግራችሁ ሰው የለም። ውድነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ኪስ የሚያራቁተው መጠጥ፣ ታክሲና በመጨረሻ ሰዓት የተያዘ አልጋ ነው። ደሴቶቹ፣ ጀልባው፣ በሥዕል የተሞሉት የባቡር ጣቢያዎች፣ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት፣ ይህ ሁሉ በአንድ የትራንስፖርት ትኬት ይገኛል። ስለዚህ የሳምንቱ ማማርና መበላሸት የሚወሰነው በቅደም ተከተሉ ነው። ሰኞ ግቡ፣ እሁድ ውጡ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለእግር ጉዞ፣ ለጀልባና ለሙዚየም ስጡ። የጭፈራውን ገንዘብና ጉልበት ለዓርብና ለቅዳሜ ሌሊት አቆዩ።

ሰዓቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ስዊድኖች ከ0 እስከ 24 ስለሚቆጥሩ በር ላይ 15 ተብሎ የተለጠፈው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 23 የሚለው ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

1. ከመነሳታችሁ በፊት

ወሩን ምረጡ። ለዚህ ዓይነት ሳምንት ምርጡ ጊዜ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው የእነሱ በጋ ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሳ ትወጣለች። በዲሴምበር በተቃራኒው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይጨልማል። አንድ ቅዳሜና እሁድ ግን ሽሹ፤ ሚድሶማር የሚባለውን። ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚውለው ዓርብ የበዓሉ ዋዜማ ነው፤ ከተሜው ወደ ገጠር ይወጣል፣ ብዙ ሱቅና መጠጥ ቤትም ይዘጋል።

ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ 15 ቀን እስኪቀር ከዘገያችሁ ግን ጊዜው አልፏል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠየቃል። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትኖሩ የመኖሪያ ፈቃድ ባላችሁበት አገር ማመልከት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ።

ካርድ። ዶላር መንዝሬ ክሮና እይዛለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ብዙ ካፌ፣ ሙዚየምና ክለብ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፤ አውቶቡስ ውስጥም አይሠራም። ለውጭ አገር ክፍያ የተፈቀደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ያዙ፤ ቢቻል ሁለት፣ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ስዊድኖች እርስ በርስ የሚላላኩበት ስዊሽ የሚባል የስልክ ክፍያ አለ፤ የስዊድን ባንክ ሂሳብ ከሌላችሁ አይሆንላችሁም። ሰው «ስዊሽ አድርግልኝ» ቢላችሁ ካርድ ብቻ እንዳላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

አልጋ። በሶደርማልም ደሴት ወይም በዋናው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያዙ። ራቅ ብሎ የተገኘው ርካሽ ክፍል ቀን ቀን አይጎዳም፤ በሥራ ቀን ሌሊት ባቡሩ ሲቆም ግን ልዩነቱ ይታያል። ከሆስቴሎቹ ሁለቱን ከልቤ እመክራለሁ። አንዱ አፍ ቻፕማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የተሠራ ነጭ ባለ ሸራ መርከብ፣ ሼፕስሆልመን ደሴት ዳር ቆሞ አልጋ የሚያከራይ። ሌላው ሎንግሆልመን ነው፤ እስከ 1975 እስር ቤት የነበረ ግቢ ሲሆን የምታድሩት በቀድሞዎቹ የእስረኛ ክፍሎች ውስጥ ነው። ለበጋ ሁለቱም ቀድመው ይሞላሉ። ብዙ ሆስቴል አንሶላን ለብቻው ስለሚያስከፍል የራሳችሁን አንሶላና ፎጣ ይዛችሁ ኑ።

2. ከአርላንዳ ወደ ከተማ

አርላንዳ አየር ማረፊያ ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር በ20 ደቂቃ ውስጥ ያደርሳል፤ ዋጋው ግን ለወጣት ኪስ አይሆንም። እንዲህ አድርጉ፦

መጀመሪያ ኤስኤል የሚባለውን የከተማዋን የትራንስፖርት መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑና የ7 ቀን ትኬት ግዙ። ዋጋው ከአሥር ነጠላ ትኬት ብዙም አይበልጥም፤ አሥር ጉዞ ደግሞ በሁለት ቀን ያልቃል። ቀጥሎ 583 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ሜርስታ ውረዱ፣ ከዚያ የከተማ ዳርቻውን ባቡር ይዛችሁ መሃል ከተማ ግቡ። ጉዞው በሙሉ በሳምንቱ ትኬት ይሸፈናል፤ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይፈጃል። ከአርላንዳ ጣቢያ ራሱ በቀጥታ በዚያው ባቡር ከተሳፈራችሁ ግን ከመቶ ክሮና በላይ የጣቢያ ክፍያ ይጨመርባችኋል። ሜርስታ ዞሮ መሄድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የባንክ ካርዳችሁን በሩ ላይ ብታስነኩም ይከፈታል፤ የሚቆረጥላችሁ ግን ለ75 ደቂቃ የሚያገለግል ነጠላ ትኬት ነው። ትኬት ተቆጣጣሪዎች ድንገት ይገባሉ፣ ቅጣቱም ከሳምንቱ ትኬት እጅግ ይበልጣል።

3. ሰኞ፦ በእግር

ሻንጣችሁን አስቀምጣችሁ ወደ ጋምላ ስታን፣ አሮጌው ከተማ፣ ሂዱ። በስቱርቶርየት አደባባይ ጀምሩ። ዛሬ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ይህ አደባባይ በኖቬምበር 1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ዳግማዊ ክርስቲያን ወደ 80 የሚሆኑ ሰዎችን ያስገደለበት ነው። ከዚያ ሞርተን ትሮትሲግ የሚባለውን መተላለፊያ ፈልጉ፤ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከፊንላንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ደግሞ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ 15 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የብረት ልጅ አለ። ሰው ሳንቲም ይተውለታል፣ በብርዱ ወራት ትንሽ ኮፍያና ሻርፕ ያለብሱታል። በበጋ የሥራ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ15 ቤተ መንግሥቱ ፊት የዘብ ቅያሬ አለ፤ በነፃ ነው።

ማታ ወደ ሶደርማልም ተሻገሩና ማሪያቶርየት ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ሞንቴሊዩስቬገን ውጡ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን በገደል አፋፍ ላይ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ማማ፣ አሮጌው ከተማና ውሃው ከፊታችሁ ተዘርግተው ታያላችሁ። ትንሽ ወደ ላይ ሺናርቪክስበርየት አለ፣ መሃል ከተማው ውስጥ ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታ፣ 53 ሜትር። የሰፈሩ ወጣት ምግቡንና ጊታሩን ይዞ ድንጋዩ ላይ የሚያመሸው እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ምሽት እዚህ አሳልፉ፤ ከተማዋን ባንድ ዓይን ካያችሁ በኋላ በቀሪው ሳምንት መንገድ አይጠፋችሁም።

4. ማክሰኞ፦ ዩርጎርደን ደሴት

በሶደርማልም ሰሜናዊ ጫፍ ካለው ስሉሰን 82 ቁጥር ጀልባ ተሳፈሩ። ትኬታችሁ ይሠራል፤ ከቱሪስት ጀልባዎቹ የሚታየውን ያህል እይታ በአውቶቡስ ዋጋ ታገኛላችሁ። ጧት 2 ሰዓት ተኩል ሲከፈት ቫሳ ሙዚየም በር ላይ ሁኑ። ሙዚየም አልወድም የምትሉም ብትሆኑ ይህን አትለፉ።

ቫሳ በንጉሥ ጉስታቭ ዳግማዊ አዶልፍ ትእዛዝ የተሠራ፣ 64 መድፍ የጫነ የጦር መርከብ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1628 ሕዝብ ዳር ቆሞ እያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ፣ 1,300 ሜትር ያህል ሄዶ ሰመጠ። ከላይ ከብዶ ከታች ጠቦ የተሠራ ስለነበር ነፋስ ሲገፋው ዘመመ፤ የመድፎቹ መስኮቶች ተከፍተው ስለነበር ውሃው በእነሱ ገባ። የባልቲክ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው ትል አይኖርበትም። ስለዚህ መርከቡ ከ333 ዓመት በኋላ፣ በ1961 ሲወጣ ሳይበሰብስ ተገኘ። አሁን የምታዩት አካል ከሞላ ጎደል የያኔው እንጨት ነው። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ታገሱ። ከታች ጀምራችሁ ፎቅ በፎቅ ውጡ። በሁለተኛው ዙር የመድፍ መስኮቶቹን ክዳኖች ከውስጥ በኩል ተመልከቱ፤ አፋቸውን የከፈቱ የአንበሳ ፊቶች ተቀርጸውባቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ስካንሰን ግቡ። አርቱር ሃሴሊዩስ በ1891 የከፈተው የሜዳ ሙዚየም ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አሮጌ ቤቶች፣ ድብና ተኩላም አሉበት። አባ (ABBA) የተባለውን የስዊድን የሙዚቃ ቡድን የምትወዱ ካላችሁ ሙዚየሙ እዚያው አጠገብ ነው። ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቫሳን አይታችሁ ቀሪውን ቀን በደሴቷ ዛፎች ስር ተራመዱ።

የዚያኑ ቀን ማታ ግሮና ሉንድ የሚባለው መዝናኛ ፓርክ የኮንሰርት ዝርዝር ካለው እዩ። በበጋ ብዙውን ጊዜ የመግቢያ ትኬቱ ኮንሰርቱንም ይጨምራል። በ1980 ቦብ ማርሌይ እዚሁ ፓርክ ውስጥ ዘፍኗል።

5. ረቡዕ፦ ከመሬት በታች

ከ100 የምድር ባቡር ጣቢያዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የሥነ ጥበብ ሥራ አላቸው። በአንዳንዶቹ ዓለቱ ተፈልፍሎ ሳይለሰን ቀርቷል፣ በላዩ ላይ ተስሎበታል። ከዋናው የምድር ባቡር ጣቢያ፣ ከቲ-ሴንትራለን፣ በሰማያዊው መስመር ተነሱ፤ ነጩን ጣሪያ ሰማያዊ ሐረግ ሞልቶታል። ከዚያ ሮድሁሰት፣ ቀጥሎ ቀይ ሰማይና አረንጓዴ ጫካ የተሳለበት ሶልና ሴንትሩም፣ ተመልሳችሁ ኩንግስትሬድጎርደን። በመጨረሻ በቀይ መስመር ስታድዮን ውረዱ፤ ዓለቱ ላይ ቀስተ ደመና ተስሏል። ከላይ ያለው የ1912ቱ የኦሎምፒክ ስታዲየም ነው፤ በየዓመቱ የዳይመንድ ሊግ ውድድር ይደረግበታል። ጉዟችሁ በጁን ከሆነ የሩጫውን ቀን አስቀድማችሁ እዩት፤ የኛ ሯጮች ሲመጡ የስቶክሆልም ሐበሻ ባንዲራ ይዞ ይወጣል። ገንዘቤ ዲባባ የ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰን በ2014 የሰበረችው በዚሁ ከተማ ነው።

ምሳችሁን ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብሉ። በሥራ ቀናት ምግብ ቤቶች «ዳገንስ ሉንች» የሚል ሰሌዳ ያወጣሉ፤ አንድ ዋና ምግብ ከሰላጣ፣ ከዳቦና ከቡና ጋር በአንድ ዋጋ። ያው ምግብ ማታ በእጥፍ ገደማ ይሸጣል። ስለዚህ ትልቁን ምግብ ቀን መብላትና ማታ ቀለል ማድረግ ነው። ለቀላሉ እራት ስሉሰን አካባቢ የሚሸጠውን የተጠበሰ ስትሮሚንግ እመክራለሁ። ትናንሽ የባልቲክ ዓሣዎች ዱቄት ለብሰው በቅቤ ይጠበሱና ከቀይ ሽንኩርትና ከእንስላል ጋር ደረቅ ዳቦ ላይ ይደረደራሉ። የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥም ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣችኋል።

ምሽቱን ለፎቶግራፊስካ ስጡት። የፎቶ ሙዚየም ነው፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት ይሆናል፤ ላይኛው ፎቅ ካለው ካፌ ወደቡ ይታያል።

6. ሐሙስ፦ ወደ ደሴቶቹ

ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያሉት ደሴቶች ከትንሽ ዓለት ጀምሮ ሲቆጠሩ ወደ 30,000 ይደርሳሉ። ለአንድ ቀን ቫክስሆልም ትበቃለች። ከቴክኒስካ ሆግስኮላን ጣቢያ 670 ቁጥር አውቶቡስ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያደርሳል፣ በትኬታችሁ። ለመመለሻ ጀልባ ክፈሉ፤ በደሴቶቹ መሃል እየተጠማዘዘ ከተማው መሃል ያወርዳችኋል። ገንዘብ ልታወጡበት የሚገባ ነገር ይህ ነው። ከንፋሱ ስለሚበርድ በጁላይም ቢሆን ጃኬት ያዙ።

7. ዓርብና ቅዳሜ፦ ሌሊቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ብዙ እንግዳ ገንዘቡን የሚጨርሰው ደንቡን ሳያውቅ ነው።

ዕድሜ። በባር ለመጠጣት 18 ዓመት ይበቃል። ከሱቅ ገዝቶ ለመውሰድ ግን ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጠው ሲስተምቦላጌት የሚባለው የመንግሥት ሱቅ ብቻ ነው፤ እሱም 20 ዓመት ይጠይቃል። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ይዘጋል፣ እሁድ ጭራሽ አይከፈትም። ተራ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቢራ ከ3.5 በመቶ አይበልጥም። ክለቦች ደግሞ የየራሳቸውን ወሰን ያወጣሉ፤ 20፣ 23 አንዳንዱም 25። ወሰኑ በቀን ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ገጻቸውን እዩ። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶውን ብዙ በር አይቀበልም።

የት? ከተማው በሁለት ይከፈላል። ስቱረፕላን የሀብታሙ ሰፈር ነው፤ አለባበስ ያያሉ፣ መግቢያ ያስከፍላሉ፣ ወረፋውን አልፎ የሚገባ የታወቀ ሰው አለ። አንድ ጊዜ ማየት የሚፈልግ ይሂድ። እኔ ግን ለወጣት እንግዳ የምመርጠው ሶደርማልምን ነው። ሜድቦርያርፕላትሰን አጠገብ ያለው ክቫርነን ከ1908 ጀምሮ የቆየ ትልቅ የቢራ አዳራሽ ነው፤ ማንም እንደመጣ ይገባል። ሞሴባከ ላይ የሶድራ ቲያተርን ሰገነት ከተማውን ከላይ ያሳያል፣ በበጋ ውጭ ይቀመጣሉ። ስካንስቱል ድልድይ ስር ትሬድጎርደን አለ፤ በጋውን ብቻ የሚከፈት የአትክልት ቦታ ክለብ ነው፣ ከላያችሁ መኪና ሲያልፍ እናንተ ከታች ትጨፍራላችሁ። የቀጥታ ሙዚቃ ለሚወድ ሆርንስቱል ላይ ደባሰር አለ። ጃዝ ለሚወድ ደግሞ በኩንግስጋታን መንገድ ከ1977 ጀምሮ ያለው ፋሺንግ፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ በቅዳሜና እሁድ ዋዜማ ወንበሩ ይነሳና ጭፈራ ይጀመራል።

በር ላይ እንዲህ ሁኑ። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ወረፋው ይረዝማል፣ መግቢያውም ይጨምራል። ወረፋ መቅደም እዚህ አገር ትልቅ ነውር ነው። አሥር ሆናችሁ ከምትቆሙ ሦስት አራት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። ጥበቃው የሚያየው አለባበሳችሁን ብቻ አይደለም፣ መስከራችሁን ነው። ሕጉ የሰከረን ሰው ማስተናገድ ስለሚከለክል ዓይናችሁ ከቀላ ተመለሱ ትባላላችሁ፤ ከውስጥም ያወጧችኋል። «አይሆንም» ካለ አመስግናችሁ ሂዱ፤ ክርክር የሚለውጠው ነገር የለም። ስትገቡ ጃኬት ማስቀመጫ ክፍያ አለ፤ ሞቃት ቀን ከሆነ ጃኬታችሁን ሆስቴል ተዉት።

ወጪው። አንድ ትልቅ ቢራ ብዙ ቦታ ከ70 እስከ 100 ክሮና ያስከፍላል። ስዊድኖቹ ራሳቸው በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ቤት ተሰብስበው ይጠጣሉ፤ ፎርፌስት ይሉታል። የሆስቴል ጓደኞች ካገኛችሁ ዓርብ ከሰዓት በፊት ሲስተምቦላጌት ሄዳችሁ የጋራ ወጥ ቤቱ ውስጥ አብራችሁ ጀምሩ፤ የሆስቴሉን ደንብ ግን ጠይቁ። ዓርብ ከሥራ በኋላ ደግሞ ብዙ ባር ርካሽ ምግብ ከመጠጥ ጋር ያቀርባል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። ሌላውን ለመጋበዝ አትጨነቁ፤ እዚህ ሁሉም የራሱን ይከፍላል፣ ማንም አይቀየምም።

አደንዛዥ ዕፅ ፈጽሞ አትንኩ። በስዊድን መያዝ ብቻ ሳይሆን መውሰዱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ፖሊስ ከጠረጠረ ሽንት ወይም ደም ማስመርመር ይችላል። በቪዛ ለገባ ሰው መዘዙ ከአንድ ሌሊት በላይ ነው።

መመለሻ። ዓርብና ቅዳሜ የምድር ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ በሌሎቹ ቀናት ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ይቆምና በሌሊት አውቶቡስ ይተካል። ብዙ ክለብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስለሚዘጋ በበጋ የምትወጡት ሲነጋ ነው። ታክሲ መያዝ ግድ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ የዋጋ ሰሌዳ አንብቡ። የታክሲ ዋጋ በመንግሥት አልተወሰነም፤ አንዱ መኪና ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል፣ ሕጋዊም ነው። ሴቶች ብቻችሁን ከሆናችሁ ብርጭቋችሁን ትታችሁ አትሂዱ፤ አንድ ነገር ካላማራችሁ ለባንኮኒው ሠራተኛ ወይም ለጥበቃው ንገሩ፣ በቁም ነገር ይይዙታል። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ቀኖቹንም አታባክኗቸው። ዓርብ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ሞደርና ሙዚየም በነፃ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሶደርማልም መሄድ ጥሩ ቅደም ተከተል ነው። ቅዳሜ እስከ ቀትር ተኙና ወደ ሎንግሆልመን ዋና ሂዱ። ውሃው መሃል ከተማ ውስጥ ሆኖ ንጹሕ ነው፤ ቀዝቃዛነቱን ግን ዘላችሁ ከመግባታችሁ በፊት በእግራችሁ ፈትኑ። የሁለት ሌሊት ጭፈራ መካከል ላይ የሚገባ ዋና ሰውነትን እንደገና ያስነሳል።

8. እሁድ፦ ቡና፣ እንጀራና መውጫ

ጧት ሆቶርየት አደባባይ ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ፤ ሰሃን፣ ሸክላ ዘፈን፣ የድሮ ካሜራ። ከዚያ ፊካ ግቡ፤ ቡናና የቀረፋ ዳቦ። ቡናው ልዩ ትኩረት በሚሰጥባቸው ካፌዎች መደርደሪያ ላይ የይርጋ ጨፌና የጉጂን ስም ታያላችሁ። አቀራረባቸው በወረቀት የተጣራ፣ ቀጠን ያለ ነው፤ ስኳር ሳትጨምሩ ቅመሱት፣ የአበባና የሎሚ ጠረኑን በደንብ የሚያወጣ አሠራር ነው።

እንጀራ ከናፈቃችሁ ሰማያዊውን መስመር ያዙ። ወደ ሁልስታ የሚሄደው 10 ቁጥር ሪንከቢና ቴንስታ ያደርሳል፤ ወደ አካላ የሚሄደው 11 ደግሞ ኪስታና ሁስቢ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሰው በብዛት የሚኖረው በእነዚህ ሰፈሮች ነው። አማርኛና ትግርኛ መንገድ ላይ ትሰማላችሁ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። ወንድሞችና እህቶች ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፤ የትኛው ቤት እሁድ ጥሩ ክትፎ እንዳለው ከማንኛውም መመሪያ በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የምትኖሩ ከሆነ፣ ልብስ ወይም ዕቃ ስትገዙ ሱቁ የቀረጥ ተመላሽ ቅጽ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ፓስፖርት ያሳያሉ። ዕቃውን ሳትጠቀሙበት ደረሰኙንና ቅጹን ይዛችሁ፣ ሻንጣችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አርላንዳ ላይ አቅርቡ። ወረፋው በበጋ ይረዝማልና ከበረራው ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። በሜርስታ በኩል ለመመለስ ደግሞ ከመሃል ከተማ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሩ።